የትንንሽ አክሲዮኖችን ዋጋ የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? ስለ ማርኬት ሜከሮች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «በአሜሪካ የኦቲሲ ገበያ (ከዋና ዋናዎቹ የአክሲዮን ገበያዎች ውጭ ባለው) ላይ የሚገበያይ የአንድ ትንሽ ኩባንያ 120,000 አክሲዮን ነበረኝ። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው የመግዣ ዋጋ (ገዢ የሚከፍለው) 8 ሳንቲም ሲል ግማሹን በማርኬት ኦርደር ሸጥኩ። 4,800 ዶላር ስጠብቅ የገባልኝ 4,460 ብቻ ነው። የመጨረሻው ግብይት በ7 ሳንቲም ተመዘገበ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ዋጋው ወደ 7.8 ተመለሰ። ሌላ ቀን ደግሞ 100 አክሲዮን ብቻ ተሽጦ ዋጋው ከ15 በመቶ በላይ ሲወድቅ አይቻለሁ። አክሲዮኑን የያዙ ሰዎች ሁሉ ‹ሆን ብለው የሚያወርዱት ማርኬት ሜከሮቹ ናቸው› ይላሉ። እውነት ነው? ከሆነስ በምን መንገድ?»

አዎ፣ ቁጥሩን የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። በትንንሽ አክሲዮኖች ላይ አንድ ማርኬት ሜከር ምንም ዜና ሳይኖር በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዋጋን 10 በመቶ ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ ይህን የሚክድ ባለሙያ ካጋጠመዎት እውነቱን አልነገረዎትም። በእርስዎ ሽያጭ ላይ የሠራው ግን የማርኬት ሜከሩ ፍርሃት ነው፤ የፈራውም እርስዎን ነው። ይህ እንግዳ ስለሚመስል ከራስዎ ሽያጭ ልነሣ።

ማርኬት ሜከር ማለት ለአንድ አክሲዮን ሁለት ዋጋ ለጥፎ የሚቆም ድርጅት ነው፦ እሱ የሚገዛበት ዝቅ ያለ ዋጋና እሱ የሚሸጥበት ከፍ ያለ ዋጋ። በመካከሉ ያለው ልዩነት፣ ስፕሬድ የሚባለው፣ ገቢው ነው። በእርስዎ አክሲዮን ላይ መግዣው 8፣ መሸጫው 9.5 ሳንቲም ነበር እንበል። አንዱ በ8 ሲሸጥለት ሌላው በ9.5 ቢገዛው በአንድ አክሲዮን ሳንቲም ተኩል ያተርፋል። አብዛኛው ሰው ልብ የማይለው ግን የተለጠፈው ዋጋ ድርጅቱን የሚያስገድደው እስከ ተለጠፈው መጠን ድረስ ብቻ መሆኑን ነው። የአሜሪካ ደላሎችን የሚቆጣጠረው ፊንራ ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በኦቲሲ ገበያ ከ10 ሳንቲም በታች ለሆነ አክሲዮን ማርኬት ሜከሩ መለጠፍ ያለበት ትንሹ መጠን 10,000 አክሲዮን ነው። ከ10 እስከ 20 ሳንቲም 5,000፣ ከ20 እስከ 51 ሳንቲም 2,500፣ ከዚያ እስከ አንድ ዶላር 1,000፣ ዶላር ሲያልፍ ደግሞ 100 ይሆናል።

አሁን ያባዙት። 10,000 አክሲዮን በ8 ሳንቲም 800 ዶላር ነው። ስክሪንዎ ላይ «8 ሳንቲም» የሚለው ቁጥር የሚናገረው «አንድ ድርጅት እስከ 800 ዶላር ድረስ በዚህ ዋጋ ይገዛል» ማለትን ብቻ ነው። ዋጋው ግማሽ ሳንቲም በሆነ አክሲዮን ላይ ይኸው ግዴታ ወደ 50 ዶላር ይወርዳል። ለጥፎ ሲያበቃ ለለጠፈው መጠን እንኳ አልገዛም ብሎ መሸሽ ጥፋት ነው፤ ያስቀጣዋል። 800 ዶላሩ ካለቀ በኋላ ግን ዋጋውን ወደፈለገበት የማንሣትና የመጣል ነጻነት አለው። የማርኬት ሜከር ሥልጣን ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ትንሽ ቁጥር ነው።

የእርስዎ ትዕዛዝ 4,800 ዶላር ነበር፤ ከግዴታው ስድስት እጥፍ። ማርኬት ኦርደር ደግሞ «በተገኘው ዋጋ ሽጥልኝ» የሚል ትዕዛዝ ነው። ስለዚህ የሆነው ነገር ይህን ሳይመስል አይቀርም፦ የመጀመሪያው 10,000 በ8 ሄደ፤ ቀጣዩ 10,000 በ7.8፤ ሌላ 20,000 በ7.4፤ የቀረው 20,000 በ7። ሲደመር 4,460 ዶላር፣ በአማካይ 7.43 ሳንቲም ገደማ። የመጨረሻው ግብይት 7 ላይ ስለሆነ ዋጋው «በ12.5 በመቶ ወደቀ» ተባለ። ያወረደው የእርስዎ ትዕዛዝ ነው፤ ማርኬት ሜከሮቹ በየደረጃው ስንት እንደሚያስከፍሉ ወስነዋል። 340 ዶላሩ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ከሽያጭዎ 7 በመቶ ነው። ቅሬታዎ ትክክል የሚሆነው ይህ ወጪ ከፍተኛ ነው በሚል ነው።

ዋጋው ለምን ተመለሰ? ከእርስዎ የገዛው ድርጅት ወዲያው ያላሰበው ክምችት እጁ ላይ ወደቀ። ማርኬት ሜከር የኩባንያው ደጋፊ ሆኖ አክሲዮን አያቅፍም፤ ማታ ሲዘጋ እጁ ባዶ ቢሆን ይመርጣል። ክምችት ሲበዛበት ሁለቱንም ዋጋ ዝቅ ያደርጋል፦ መግዣውን ዝቅ የሚያደርገው ሌላ ሻጭ እንዳይመጣበት፣ መሸጫውን ዝቅ የሚያደርገው ገዢ ቶሎ እንዲመጣለት። ያገኘውን በ8.5 ወይም በ8.8 ሸጦ እጁን ሲያጸዳ ዋጋው ወደ ነበረበት አካባቢ ይመለሳል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሻጩን አስደንግጦ አክሲዮኑን በርካሽ የነጠቀ ይመስላል። ትርፍ ማግኘቱም እውነት ነው። ግን እርስዎ በሸጡባት ቅጽበት ሌላ ገዢ እዚያ አልነበረም፤ የከፈሉት ለዚያ ነው።

ከክምችቱም በላይ የሚያስፈራው ሌላ ነገር አለ፤ እንዲያውም የትንንሽ አክሲዮኖች ዋጋ ጠባይ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። 60,000 አክሲዮን በአንድ ጊዜ ሲመጣበት ማርኬት ሜከሩ ሻጩ ማን እንደሆነ አያውቅም። ገንዘብ የቸገረው ተራ ሰው ሊሆን ይችላል። ነገ የሚወጣውን መጥፎ ሪፖርት ዛሬ ያነበበ የኩባንያው ሰው ሊሆን ይችላል። ወይም ሌላ አምስት ሚሊዮን አክሲዮን ይዞ ገና መሸጥ የጀመረ አበዳሪ ሊሆን ይችላል። ላውረንስ ግሎስተንና ፖል ሚልግሮም እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት ይህን በሒሳብ አሳይተዋል። እኔ ወደ እርስዎ አክሲዮን ላምጣው።

የአክሲዮኑ እውነተኛ ዋጋ ወይ 6 ወይ 10 ሳንቲም ነው፣ ሁለቱም እኩል ዕድል አላቸው እንበል። ከሚመጡት አምስት ሰዎች አንዱ እውነቱን ያውቃል፤ አራቱ ባገኙት ምክንያት ይገዛሉ ወይም ይሸጣሉ። ማርኬት ሜከሩ ምንም ትርፍ አልፈልግም ቢል እንኳ፣ ላለመክሰር ብቻ መግዣውን 7.6፣ መሸጫውን 8.4 ማድረግ አለበት። ምክንያቱም ሰው ሊሸጥለት የመጣ መሆኑ ራሱ ዋጋው 6 የመሆኑን ዕድል ከግማሽ ወደ 60 በመቶ ያሳድገዋል። አሁን ከሚመጡት ሰዎች ግማሾቹ የሚያውቁ ይሁኑ። ላለመክሰር መግዣው 7፣ መሸጫው 9 መሆን አለበት። አንድ ሳንቲም ትርፍ ሳይኖር ስፕሬዱ የዋጋውን ሩብ ያህላል!

በትልልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ላይ የሚያውቀው ሰው በሚሊዮኖች ግብይት መካከል ይጠፋል፤ የጡረታ ፈንዶች፣ ኢንዴክስ ተከታዮች፣ ደመወዛቸውን የሚያጠራቅሙ ሰዎች ስላሉ። በቀን 3,000 ዶላር በሚገበያይ አክሲዮን ላይ ግን እንዲህ ያለ ሽፋን የለም። አልበርት ካይል በዚያው በ1985 ያወጣው ጥናት ያረጋገጠው ይህንኑ ነው፦ መረጃ የሌለው ተራ ገበያተኛ በቀነሰ ቁጥር እያንዳንዱ ትዕዛዝ ዋጋን የሚያንቀሳቅስበት ኃይል ይጨምራል። ለትንሽ አክሲዮን ዋጋ መለጠፍ በባሕርዩ አደገኛ ሥራ ነው፤ አደጋውን ደግሞ በስፕሬድ መልክ የሚከፍሉት እርስዎና እንደ እርስዎ ያሉ ባለአክሲዮኖች ናችሁ። ፍትሐዊ አይመስልም፤ እኔም ፍትሐዊ ነው አልልም። ግን ሴራ ሳያስፈልገው በራሱ የሚሠራ ነገር ነው።

ስለ 100 አክሲዮኑ ግብይት የጠየቁት ቀላሉ ክፍል ነው። መግዣው 8፣ መሸጫው 9.5 በሆነበት ጊዜ የመጨረሻው ግብይት ግዢ ከነበረ «ዋጋው» 9.5 ተብሎ ይመዘገባል። ከዚያ አንድ ሰው 100 አክሲዮን በ8 ይሸጣል። ወዲያው ሠንጠረዡ ዋጋው በ15.8 በመቶ ወደቀ ይላል። የተለጠፉት ዋጋዎች አንድም አልተነቃነቁም፤ የተቀየረው ግብይቱ የተፈጸመበት ጎን ብቻ ነው። ኩባንያው 200 ሚሊዮን አክሲዮን ካለው፣ በዚህ የ8 ዶላር ሽያጭ ምክንያት የኩባንያው «የገበያ ዋጋ» በ3 ሚሊዮን ዶላር ቀነሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቁጥር በቁም ነገር መውሰድ አይገባም። ሪቻርድ ሮል እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳየው፣ ዋጋ በሁለቱ ጎኖች መካከል እንዲህ እየነጠረ መዋዠቁ ራሱ የስፕሬዱን ስፋት ለመገመት ያገለግላል። ስለዚህ የትንሽ አክሲዮን ዋጋ ሲከታተሉ «የመጨረሻ ግብይት» የሚለውን ትተው መግዣውንና መሸጫውን ይመልከቱ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ በትንንሽ አክሲዮን ገዢዎች ዘንድ ለዓመታት ሲዞር የቆየ አንድ እምነት አለ፦ 100 አክሲዮን የታየበት ግብይት ማርኬት ሜከሮች እርስ በርስ የሚላላኩት ምስጢራዊ ምልክት ነው ይባላል። 100 ማለት «አክሲዮን እፈልጋለሁ»፣ 200 ማለት «እፈልጋለሁ ግን ዋጋውን አታውርደው»፣ እያለ ይቀጥላል። ይህን የሚደግፍ ማስረጃ አይቼ አላውቅም፤ ነገሩ ራሱም አያስኬድም። ዛሬ ይህን ሥራ የያዙት እንደ ሲታዴል ሴኪዩሪቲስና ቪርቱ ያሉ ድርጅቶች በሺዎች ለሚቆጠሩ አክሲዮኖች በኮምፒውተር ዋጋ የሚለጥፉ ናቸው። መመሳጠር የፈለገ ሰውም ተቆጣጣሪው በየሰከንዱ በሚመዘግበው መዝገብ ላይ ምልክት አይጽፍም።

ይበልጥ ሰውን የሚያሳስተው ግን እያንዳንዱ ማርኬት ሜከር ሰሌዳ ላይ የሚታወቅበት የአራት ፊደል መለያ ነው። የደረጃ ሁለት መረጃ፣ ማለትም የሁሉንም ማርኬት ሜከሮች ዝርዝር ዋጋ የሚያሳየውን ሰሌዳ፣ የሚከታተሉ ሰዎች አንድ ድርጅት ቀኑን ሙሉ መሸጫው ላይ ተቀምጦ ሲያዩ «ይህ ነው አክሲዮናችንን የሚገድለው» ይላሉ። መለያው የሚያሳየው ትዕዛዙን የያዘውን ድርጅት ነው፤ የአክሲዮኑ ባለቤት ማን እንደሆነ አያሳይም። ብዙ ጊዜ ከጀርባው ደንበኛ አለ፤ 3 ሚሊዮን አክሲዮን እንዲሸጥለት ያዘዘ፣ በአንድ ጊዜ ግን 10,000 ብቻ እንዲታይ የፈለገ ደንበኛ። አሥር ሺው ሲገዛ ሌላ አሥር ሺ ይተካል፤ ሻጩ የማያልቅ ይመስላል። ያ ደንበኛ ማን ሊሆን እንደሚችል ከታች እመለስበታለሁ፤ የጥያቄዎ እውነተኛ መልስ እዚያ ይመስለኛል።

ሾርት ስለ ማድረግም፣ ማለትም የሌለን አክሲዮን ተበድሮ ሸጦ ዋጋው ሲወርድ ገዝቶ ስለ መመለስም፣ መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም የክሱ ሁሉ ማጠንጠኛ እሱ ነው። ፊንራ በየቀኑ ለእያንዳንዱ አክሲዮን ከግብይቱ ምን ያህሉ ሾርት ሽያጭ እንደሆነ ያወጣል፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ሰዎች ይህን አይተው «ከገበያው ግማሹ በእኛ ላይ እየተወራረደ ነው» ይላሉ። አሠራሩን ይመልከቱ፦ አንድ ሰው 20,000 አክሲዮን ለመግዛት ሲመጣ ማርኬት ሜከሩ እጁ ላይ ሳይኖረው ይሸጥለታል፤ ከዚያ በደቂቃዎች ውስጥ ከሌላ ሻጭ ገዝቶ ይተካዋል። ሽያጩ «ሾርት» ተብሎ ይመዘገባል፤ መተኪያ ግዢው ግን ምንም ምልክት የለውም። ስለዚህ ገዢ በበዛበት ቀን የሾርት ቁጥሩ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። ሳይዘጋ የቆየውን እውነተኛ የሾርት መጠን የሚያሳየው በወር ሁለት ጊዜ የሚወጣው ሌላው ሪፖርት ነው፤ የሚያዩ ከሆነ እሱን ይዩ።

ማርኬት ሜከሮች በዚህ ረገድ ልዩ መብት እንዳላቸው መደበቅ አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ላይ የዋለው ሬጉሌሽን ሾ የተባለው ደንብ ማንኛውም ሰው ሾርት ከማድረጉ በፊት አክሲዮኑን የሚበደርበት እንዲያረጋግጥ ሲያስገድድ፣ በእውነት የማርኬት ሜከርነት ሥራ ላይ ያለን ድርጅት ከዚህ ነጻ አድርጎታል። ተሽጠው ለገዢው ሳይደርሱ የቀሩ አክሲዮኖችን ለመዝጋትም ከሌላው ጥቂት ተጨማሪ ቀናት ይሰጠዋል። ይህን መብት ያላግባብ የተጠቀሙ ድርጅቶች ተቀጥተው ያውቃሉ። ለዚህ መከታተያ የሚሆን ዝርዝርም አለ፦ እንዲህ ሳይረከቡ የቀሩት አክሲዮኖች 10,000 ወይም ከዚያ በላይና ከኩባንያው ጠቅላላ አክሲዮን ቢያንስ ግማሽ በመቶ ሆነው ለአምስት ተከታታይ የርክክብ ቀናት ከቆዩ የአክሲዮኑ ስም በየቀኑ በሚወጣ ዝርዝር ላይ ይሰፍራል። የእርስዎ አክሲዮን እዚያ ላይ ለሳምንታት ከተቀመጠ ጥርጣሬው መሠረት አለው። ከሌለ ግን በሾርት ተጨፍልቋል የሚለው ክስ ደካማ ነው። አንድ ተራ ባለሀብት የ8 ሳንቲም አክሲዮን ሾርት ለማድረግ ለእያንዳንዱ አክሲዮን ቢያንስ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ማስያዝ አለበት፤ ከዋጋው 31 እጥፍ። ቢበዛ 8 ሳንቲም ለማትረፍ ይህን የሚያደርግ ብዙ ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ስል ማርኬት ሜከሮች ንጹሐን ናቸው እያልኩ አይደለም። ታሪካቸው ሲመረመር ጥፋታቸው ጎልቶ የወጣው ብዙዎች በማይጠብቁበት ቦታ፣ በትልልቆቹ አክሲዮኖች ላይ ነው። ዊልያም ክሪስቲና ፖል ሹልትዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ናስዳክ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የተለጠፉ ዋጋዎችን ሲመረምሩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ያኔ ዋጋ የሚለጠፈው በዶላር አንድ ስምንተኛ ነበር። ከመቶ ብዙ ከሚገበያዩ አክሲዮኖች ውስጥ በ70ዎቹ ላይ ማርኬት ሜከሮቹ ጎዶሎ ስምንተኞችን፣ ማለትም አንድ፣ ሦስት፣ አምስትና ሰባት ስምንተኛን፣ አይጠቀሙም ነበር ለማለት ይቻላል። በዚህም ስፕሬዱ ከ25 ሳንቲም በታች ሊወርድ አልቻለም። ጉዳዩ በጋዜጣ ሲወጣ በማይክሮሶፍት፣ በሲስኮና በአምጄን አክሲዮኖች ላይ ጎዶሎዎቹ ስምንተኞች ወዲያውኑ ብቅ አሉ፤ ስፕሬዱም ጠበበ። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከ24 ድርጅቶች ጋር ስምምነት ላይ ደረሰ፤ በባለሀብቶች የቀረበው የፍትሐ ብሔር ክስ ደግሞ በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተዘጋ። በ1997 የደንበኛ የተሻለ ዋጋ በሰሌዳው ላይ እንዲታይ የሚያስገድዱ ደንቦች መጡ፤ በ2001 ክፍልፋዩ ቀርቶ ሳንቲም ገባ። ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ትምህርት አለኝ፦ እነዚህ ድርጅቶች ሲመሳጠሩ ዓላማቸው ስፕሬዱን ማስፋት ነበር። ዋጋው ወደላይ ይሂድ ወደታች ግድ አልነበራቸውም።

በትንንሽ አክሲዮኖች ላይ ደግሞ ማጭበርበሩ መልኩ ሌላ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ዋጋን የሚገፋው ወደላይ ነው። ስትራተን ኦክሞንት የተባለው ድርጅት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ራሱ ለገበያ ያወጣቸውን አክሲዮኖች ራሱ ማርኬት ሜከር ሆኖ ያገበያይ ነበር። አብዛኛውን አክሲዮን በእጁና በተባባሪዎቹ እጅ አስቀምጦ፣ ሻጮቹ በስልክ ደንበኛ እያስገዙ ዋጋው እንዲሰቀል አደረገ፤ ከዚያ ራሱ ሸጠ። ደንበኛ ልሽጥ ሲል ትዕዛዙን የሚቀበል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1996 መጨረሻ ከኢንዱስትሪው ተባረረ። ለዋጋ የሚሠጉ ከሆነ ያለ ዜና ስለሚወርደው አክሲዮን ከመሥጋትዎ በፊት ያለ ዜና ስለሚወጣው ይሥጉ።

ዛሬ ከዚህ የሚጠብቁ ጥቂት ደንቦች አሉ። ኩባንያ ማርኬት ሜከር ዋጋ እንዲለጥፍለት መክፈል አይችልም። በኦቲሲ ገበያ ዋጋ ለመለጠፍ ስለ ኩባንያው ወቅታዊ መረጃ ለሕዝብ የወጣ መሆን አለበት፤ ከ1971 ጀምሮ የነበረው ይህ ደንብ ተጠናክሮ ከሴፕቴምበር 28 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲተገበር መረጃ የማያወጡ ብዙ ኩባንያዎች ተራ ባለሀብት ዋጋቸውን ማየት ወደማይችልበት ገበያ ወርደዋል። በናስዳክ ላይ ደግሞ ማርኬት ሜከር ቀኑን ሙሉ ሁለት ዋጋ የመለጠፍ ግዴታ አለበት፤ ግን ግዴታው ምን ያህል ልል እንደሆነ ይዩ፦ ለትልልቆቹ አክሲዮኖች ከገበያው ምርጥ ዋጋ እስከ 8 በመቶ፣ ለትንንሾቹ እስከ 28 በመቶ፣ ከአንድ ዶላር በታች ለሆኑት ደግሞ እስከ 30 በመቶ ርቆ መለጠፍ ይፈቀድለታል። ገበያው ሲናወጥ ወደዚያ ሩቅ ጥግ ሸሽቶ ቢቆም ሕግ አልጣሰም። ነቀፋዬን የማነሣው እዚህ ላይ ነው፤ የማርኬት ሜከርነት መብቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ግዴታው በትንንሽ አክሲዮኖች ላይ ከስም ያለፈ አይደለም።

አሁን ወደ ማያልቀው ሻጭ ልመለስ። አንድ የ8 ሳንቲም አክሲዮን በወራት ውስጥ ወደ 1 ሳንቲም ሲወርድ፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ምክንያቱ የአክሲዮኑ ቁጥር መብዛት ነው። ገንዘብ የጨረሰ ትንሽ ኩባንያ ባንክ አያበድረውም። ስለዚህ ወደ አክሲዮን በሚቀየር ዕዳ ይበደራል፦ አበዳሪው ገንዘቡን በአክሲዮን ይቀበላል፣ የሚቀበልበት ዋጋ ግን በቅርብ ቀናት ከታየው ዝቅተኛ ዋጋ 30፣ 40፣ አንዳንዴም 50 በመቶ ዝቅ ያለ ነው። ሒሳቡን በ100,000 ዶላር ዕዳና በ50 በመቶ ቅናሽ እንሥራው። ዋጋው 8 ሳንቲም ሲሆን አበዳሪው በ4 ሳንቲም ይቀበላል፤ 2.5 ሚሊዮን አክሲዮን። ዋጋው 2 ሳንቲም ከደረሰ 10 ሚሊዮን አክሲዮን። ግማሽ ሳንቲም ከደረሰ 40 ሚሊዮን። አበዳሪው ዋጋው ቢወርድም አይጎዳም፤ የአክሲዮኑ ብዛት ይጨምርለታል። ተቀብሎ ይሸጣል፣ ሽያጩ ዋጋውን ያወርዳል፣ ዋጋው ሲወርድ ቀጣዩ ድርሻው ይበዛል። ሪፖርት በሚያቀርብ ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር ቆይታ በኋላ መሸጥ ስለሚፈቀድለት፣ ኩባንያው የተበደረበትን ቀን ካወቁ ሽያጩ መቼ አካባቢ እንደሚጀምር መገመት ይችላሉ።

ይህ አበዳሪ አክሲዮኑን የሚሸጠው በአንድ ደላላ በኩል ነው፤ ደላላው ደግሞ ትዕዛዙን ወደ ማርኬት ሜከር ይልከዋል። ሰሌዳው ላይ የሚታየው የማርኬት ሜከሩ አራት ፊደል ነው። ባለአክሲዮኖቹ ቁጣቸውን ወደዚያ ይወረውራሉ፣ የኩባንያው ኃላፊዎችም ይህን ቁጣ አይጠሉትም፤ አንዳንዶቹ «ሾርት አድራጊዎች እያጠቁን ነው» ብለው ራሳቸው ያቀጣጥሉታል። ዕዳውን የፈረመው ግን የኩባንያው አስተዳደር ነው። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ሰዎች ዓመት ሙሉ የማይመለከተውን ድርጅት ሲከሱ ቆይተው ገንዘባቸውን ይጨርሳሉ፣ መልሱ በሩብ ዓመት ሪፖርቱ ላይ ተጽፎ እያለ።

ስለዚህ የቀረዎትን 60,000 አክሲዮን በሚመለከት መጀመሪያ የማደርገው ሰሌዳውን መዝጋት ነው። ኩባንያው ሪፖርት የሚያቀርብ ከሆነ ሰነዶቹ ኤድጋር በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ በነጻ አሉ። ያለፉትን አራት የሩብ ዓመት ሪፖርቶች ያውጡና በእያንዳንዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለውን የአክሲዮን ብዛት በተርታ ይጻፉ። ቁጥሩ ከሩብ ዓመት ሩብ ዓመት እያደገ ከሄደ ሻጩን አግኝተውታል። ከዚያ በማስታወሻዎቹ ውስጥ ወደ አክሲዮን ስለሚቀየር ዕዳ የሚለውን ክፍል ይፈልጉ፦ ስንት ዶላር ቀርቷል፣ ቅናሹ ስንት ነው፣ የመቀየሪያ ዋጋው የተወሰነ ነው ወይስ ከገበያው ጋር የሚወርድ? የሚወርድ ከሆነና የቀረው ዕዳ ከኩባንያው የአንድ ወር ግብይት የሚበልጥ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ማርኬት ሜከሩ የሚያስከፍለኝን ስፕሬድ ከፍዬም ቢሆን እወጣለሁ።

ለመሸጥ ከወሰኑ ማርኬት ኦርደር አይጠቀሙ። በዋጋ የተገደበ ትዕዛዝ ያስገቡ፤ መጠኑም ሰሌዳው ላይ ከሚታየው አይብለጥ፣ በእርስዎ አክሲዮን 10,000 ማለት ነው። መግዣው 8፣ መሸጫው 9.5 ከሆነ በ8.8 ወይም በ9 ለጥፈው ይጠብቁ። ያኔ እርስዎ ራስዎ ከማርኬት ሜከሩ የተሻለ ዋጋ የለጠፉ ሻጭ ይሆናሉ፤ ትዕዛዝዎን የያዘው ድርጅትም በእርስዎ ዋጋ ወይም ከዚያ በሚበልጥ ዋጋ ለራሱ ሸጦ የእርስዎን ሳይሞላ መተው አይፈቀድለትም። ዋጋ ሲወርድ ራሱ እንዲሸጥ የሚያደርገውን ስቶፕ ትዕዛዝ በእንዲህ ያለ አክሲዮን ላይ አይጠቀሙ፤ ሲነቃ ወደ ማርኬት ኦርደር ስለሚለወጥ ያለፈው ሽያጭዎ ይደገማል። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጨረስም አይጣደፉ። 10,000 ሸጠው ዋጋው ሲያገግም ሌላ 10,000 ማቅረብ ይቻላል፤ ካላገገመ ግን ዕዳው ላይ ያገኙት መረጃ እውነት መሆኑን ገበያው ነግሮዎታል፣ የቀረውንም ባለው መግዣ ዋጋ በየአሥር ሺው ይልቀቁት።